የአባባ ወጪ

ቅዳሜ ጠዋት መነጽር ሠሪው የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ እንደሰካ ወደ ማድ ቤት ብቅ ሲል አባቱን የሽንኩርት መክተፊያው ላይ አጎንብሰው አገኛቸው። በቀኝ እጃቸው ትንሿን ቢላዋ ይዘዋል፤ በግራ እጃቸው ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ ነጭ ኪኒን ቆንጥጠዋል። ምላሳቸውን በከንፈራቸው ጥግ አውጥተው፣ እርሳስ እንደሚቀርጽ ሕፃን፣ ቢላዋውን ኪኒኗ መሐል ላይ አሳርፈው ጫን አሉ። ቀጭ ብላ ለሁለት ተከፈለች። አንደኛዋ ግማሽ ተስፈንጥራ ምድጃው ሥር ገባች። ሽማግሌው ቀና ሲሉ ልጃቸው አፉ አረፋ እንደሞላ በሩ ላይ ቆሞ አዩት፤ ቢላዋውንም ከጀርባቸው ደበቁ።

«ምን እየሠሩ ነው አባባ?»

«ሐኪሙ ግማሽ ይበቃሃል ብሎኛል።»

«መቼ?»

«ያን ጊዜ ነዋ» አሉና በመጥረጊያው እንጨት ምድጃው ሥር መፈለግ ጀመሩ።

ሐኪም ካለ አለ ነው። መነጽር ሠሪው አረፋውን ተፍቶ፣ ሸሚዙን በችኮላ ቆልፎ ወጣ። ደረጃውን ወርዶ ሳይጨርስ ግን ቆም አለ። ሐኪሙ ዘንድ የወሰዳቸው እሱ ራሱ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ የተባለውን ሁሉ የሰማው፣ ጆሯቸው ደከም ስላለ ደግሞ ከሐኪሙ ተቀብሎ ጮክ እያለ የነገራቸው እሱ ነው። ስለ ግማሽ የተነሳ ነገር አልነበረም። ደግሞስ ሐኪም ያዘዘውን የሚያደርግ ሰው ቢላዋ ለምን ይደብቃል? ተመልሶ ሊጠይቃቸው አሰበና ሰዓቱን አየ። አሠሪው ሴትዮ አርፍዶ ለመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሰላምታ አይሰጡም። ማታ እጠይቃቸዋለሁ ብሎ ታክሲ ያዘ።

ታክሲው ውስጥ ስልኩን ሲከፍት መልእክት ጠበቀው። «በረኛው ተገኝቷል። አሥራ አንድ ተኩል፣ የተለመደው ቦታ። ዘጠኝ መቶ፣ አይቀንስም። ሌላ ፈላጊ አለ።» የላከው ጉንፋን ነው። ጉንፋን የሚሉት ክረምት ከበጋ አፍንጫውን ስለሚስብ ነው እንጂ በሥራው የባንክ ገንዘብ ከፋይ፣ በትርፍ ሰዓቱ ደግሞ የተጫዋች ካርድ ነጋዴ ነው። መነጽር ሠሪው ሁለት ዓመት ሙሉ የሚሰበስበው የካርድ ጥርቅም አለ፤ የአንድ ዘመን እግር ኳስ ተጫዋቾች፣ እያንዳንዳቸው በላስቲክ ኪስ ተጠቅልለው በወፍራም አልበም ውስጥ የተደረደሩ። አርባ ሊሞላው ምንም ያልቀረው ሰው ካርድ ሲሰበስብ የሚስቅበት አይጠፋም፤ እሱም መጀመሪያ ላይ በራሱ ይስቅ ነበር። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የሰው ዓይን ጉድለት ሲሞርድ ውሎ ማታ አልበሙን ሲከፍት ደስ ይለዋል። እዚያ ውስጥ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይዟል። ባዶ የቀረችው አንዲት ኪስ ብቻ ናት፤ የተጠባባቂው በረኛ ኪስ።

እንዳይታማ ወጪውን የሚመዘግብ ሰው ነው። እንዲያውም የወጪ መመዝገቢያውን በእሱና በሚስቱ ስልክ ላይ የጫነው እሱ ራሱ ነው፤ አንዳቸው የጻፉት በሌላቸው ስልክ ላይ ወዲያው ይታያል። ከሚስቱ ጋር ቁጭ ብለው ለካርድ በወር አምስት መቶ ብር ተስማሙ። አምስት መቶው በሁለተኛው ወር በአሥራ አምስት ቀን አለቀ። በዚያው ሳምንት ጉንፋን የግራ ክንፍ ተጫዋቹን ይዞ መጣ። መነጽር ሠሪው ካርዱን ገዝቶ ስልኩን ከፍቶ ቁጭ አለ። «ምግብ» ላይ እንዳይጽፈው ሚስቱ የሽንኩርትን ዋጋ ከሻጯ አብልጣ ታውቃለች። «መብራትና ውሃ» ደረሰኝ አለው። «ኪራይ» እንደሆነ የታወቀ ነው። «አባባ» የሚለው ቀረ። የአማቷን ወጪ ምን ተገዛበት ብላ የምትጠይቅ ምራት አትጠፋም ይሆናል፤ የእሱ ሚስት ግን ከነሱ አይደለችም። ደግ ሴት ናት፣ ማፈርም ታውቃለች። ለዚህ ወር ብቻ ብሎ ጻፈው። በሚቀጥለው ወር ከካርዱ ድርሻ ቀንሼ እመልሰዋለሁ አለ። ያ የሚቀጥለው ወር እስከ ዛሬ አልመጣም።

መነጽር ቤቱ ጠባብ ነው፤ ከፊት ለፊት የመስታወት መደርደሪያና የአሠሪዋ ወንበር፣ ከመጋረጃው ኋላ የእሱ መሞረጃ። ጠዋት የገባው ትእዛዝ የአንዲት መምህርት መነጽር ነበር። መስታወቱን ከማሽኑ አስጠግቶ ሲሞርድ ዓይኑ መስታወቱ ላይ፣ ሐሳቡ ምድጃው ሥር ነው። ግማሽ ኪኒን። ቢላዋ። «ያን ጊዜ ነዋ።» ሞርዶ ጨርሶ ፍሬሙ ውስጥ ሊያስገባው ሲል አልገባ አለው። ገልበጥ አድርጎ አየ። የቀኙን ዓይን በግራው ልክ ቆርጦታል። ስድስት ዓመት ሲሠራ እንዲህ ያለ ስሕተት ደርሶበት አያውቅም። አሠሪዋ መጋረጃውን ገለጥ አድርገው የተበላሸውን መስታወት አዩ፣ እሱን አዩ፣ «ምን ነካህ ዛሬ?» ብለው ሄዱ። ከደሞዙ እንደሚቆረጥ መናገር አላስፈለጋቸውም።

ለምሳ ሲወጣ እግሩ ወደ መድኃኒት ቤቱ ወሰደው። ፋርማሲስቷ ታውቀዋለች፤ በየወሩ የአባቱን የግፊት ኪኒን የሚገዛው ከእሷ ነው። ወደ ግማሽ ዝቅ ተደርጎላቸው ይሆን ብሎ ጠየቃት። የማዘዣውን ቅጂ ከመሳቢያ አውጥታ አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«አንድ ሙሉ፣ በየቀኑ። ማነው ግማሽ ያላቸው?»

«እሳቸው ሐኪሙ ነው ብለውኛል።»

«ሐኪም ከሆነ ወረቀት ይሰጣል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ግማሽ እየወሰዱ ከቆዩ ግፊታቸው ሊወጣ ይችላል። ያዞራቸዋል? ራሳቸውን ያማቸዋል?»

አላውቅም ማለት አፈረ። ዛሬውኑ የቀረውን ግማሽ እንዲወስዱ፣ ያለፉትን ቀናት ግማሾች አንድ ላይ እንዳይውጡ፣ ነገ ጠዋት ደግሞ ክሊኒኩ ይዟቸው ሄዶ እንዲለኩ፣ ካዞራቸው ግን ነገን እንዳይጠብቅ ነገረችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አንዳንድ ትልልቅ ሰዎች መድኃኒቱ ውድ ነው ብለው ሲያስቡ ይቆጥባሉ። ልጆቻችንን አስቸገርን ብለው። እስቲ ዋጋውን ይንገሯቸው፤ ይሄ እኮ ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነው» አለችው።

መነጽር ሠሪው ባንኮኒውን ያዘ። ሚስቱ ልብስ እጥበት ቤት እንግዳ ተቀባይ ናት። ደንበኛ ኋላ እንዳይከራከር የመጣውን ልብስ ጮክ ብላ እየጠራች ነው የምትቀበለው፤ ሸሚዝ ሁለት፣ ሱሪ አንድ፣ ቁልፍ የጎደለው ኮት። ይሄ ድምፅ ቤትም አብሯት ይገባል። ቅዳሜ ማታ የሳምንቱን ወጪ በዚያው ድምፅ ታነበዋለች፤ ባለፈው ወር መጨረሻም እንዲህ ብላ አንብባ ነበር። «ምግብ፣ አንድ ሺህ ስድስት መቶ። አባባ፣ ከወሩ መጀመሪያ ጀምሮ ሁለት ሺህ አራት መቶ። ጨመረ አይደል? ምን ይደረግ፣ ጤና ይቅደም።» የአባቱ ክፍል የሚባለው የሳሎኑ ቁራጭ ነው፤ በኮምፔርሳቶ የተከፈለ፣ ትራሳቸው ኮምፔርሳቶው ላይ የተደገፈ። ጆሯቸው ደክሟል ብለው ሁለቱም ድምፅ ዝቅ ማድረግ አስበው አያውቁም። ስንት ቅዳሜ ነው የሰሙት? ሽማግሌው እኮ ባለፈው ወር ወተት አልፈልግም፣ ሆዴን ይነፋኛል ብለው ትተዋል። ጋዜጣም ዓይኔ ደከመ ብለው ትተዋል። የልጃቸው ሥራ መነጽር መሥራት ሆኖ፣ እሱም እሺ ብሎ አልፎታል።

ከመድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ ቆሞ ለአባቱ ደወለ። ጠራ፣ ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሞ ደወለ። ለሚስቱ ደወለ።

«አባባ ስልክ አያነሱም።»

«ተኝተው ይሆናል» አለች። ከኋላዋ ማሽኖቹ ይጮኻሉ። «ምነው?»

«ምንም። እንዲሁ ነው።»

«ማታ ስመጣ ለሳቸው ፍራፍሬ እገዛለሁ። ጫማዬን ለዚህ ወር ትቼዋለሁ፣ በቃ ይጠገናል። ሰማኸኝ?»

ሰምቷታል። እሺ አለና ዘጋው። ያን ጊዜ አስፈቅዶ ወደ ቤት መሄድ ነበረበት። ጠዋት መስታወት ያበላሸ ሰው ከሰዓት ፈቃድ እንዴት ይጠይቃል እያለ ራሱን አታለለ። ከሰዓቱን ሁሉ መሞረጃው ላይ አጎንብሶ፣ በየመሐሉ እየደወለ፣ ስልኩ ሳይነሳ ሲቀር ደግሞ እየሞከረ ዋለ። አንድ ነገር ለራሱ ማለ። ጉንፋንን አግኝቶ ካርዱን አልፈልግም ይለዋል። በስልክ መንገሩ ነውር ነው፤ ሰውየው ከሌላ ፈላጊ ከልክሎ ነው ያቆየለት። ፊት ለፊት ነግሮት ከዚያ በቀጥታ ወደ ቤት። መንገዱም በዚያው ነው። አሁን ስታስቡት ይሄ ሁሉ ምክንያት የተደረደረው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል፤ እሱ ግን በጊዜው አልገባውም።

ጉንፋን ከጁስ ቤቱ የመጨረሻ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ አፍንጫውን ይስባል። ጠረጴዛውን በናፕኪን ወልውሎ አድርቆታል። መነጽር ሠሪው ሳይቀመጥ፣ «ዛሬ አልችልም፣ ቤት የታመመ ሰው አለ» አለው። ከልቡ ነበር። ጉንፋን አዘነለት፤ «እግዜር ይማርልህ» አለው፣ «እንግዲህ ለዚያኛው ልደውልለት» አለና ስልኩን ሊያወጣ እጁን ኪሱ ውስጥ ሲከት ካርዱ አብሮ ወጣ። አረንጓዴ ማልያ፣ ትልቅ ጓንት፣ ከግቡ አጠገብ ወንበር ላይ ተቀምጦ ወደ ሜዳው የሚያይ ሰው። ጥጉ አልታጠፈም። መነጽር ሠሪው እስቲ ልየው ብሎ በሁለት ጣቱ ጠርዙን ያዘ። ባዶዋ ኪስ ትዝ አለችው። ከአሁን በኋላ ምንም አልገዛም፤ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ስለዚህ ይሄን መግዛት ማለት ነገሩን መጨረስ ማለት ነው። ሰው ራሱን ሲያሞኝ ደግሞ እንዴት ይረቅቃል። ዘጠኝ መቶውን ቆጥሮ ሰጠና ካርዱን የደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ እንደ ልማዱ ስልኩን አወጣና መዘገበው። አላሰበበትም። አውራ ጣቱ መንገዱን ያውቃል፤ ዘጠኝ መቶ፣ ቀጥሎ «አባባ»፣ ቀጥሎ «መዝግብ»። ስልኩን ኪሱ ሳይከተው ሚስቱ ደወለች።

«ምን ሆኑ አባባ? የዘጠኝ መቶ ብር ምን ተገዛላቸው?» ትንፋሿ ይቆራረጣል። «ሐኪም ቤት ነህ? ስልክ አያነሱም ስትለኝ ጠርጥሬ ነበር። እየሮጥኩ ነው፣ ቤት ልደርስ ነው፣ የት ናችሁ?»

ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ጠይቃው አታውቅም። አሁንም የጠየቀችው ስለ ብሩ አይደለም።

«ሐኪም ቤት አይደለሁም» አላት። «መጣሁ።»

በሩን ከፍቶ ሲገባ ሳሎኑ ውስጥ ማንም አልነበረም። ፍራፍሬው በፌስታል እንዳለ ወለሉ ላይ ተጥሏል። ከኮምፔርሳቶው ጀርባ የሚስቱ ድምፅ ይሰማል። ገባ። አባቱ አልጋው ላይ በእርጥብ ፎጣ ግንባራቸውን ይዘው ተጋድመዋል። ፊታቸው ቀልቷል። ስልካቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ ተነስተው ሊያነሱት ሲሉ እያዞራቸው፣ ሲጠራ እየሰሙ ዝም ብለው ውለዋል። ሚስቱ ትራሱን ስታመቻችላቸው ያገኘችውን የከረሜላ ቆርቆሮ ይዛ ቆማለች። ቆርቆሮው ክዳኑ ተከፍቷል። ውስጡ ግማሽ ግማሽ ኪኒኖች፣ እያንዳንዳቸው በሲጋራ የብር ወረቀት ተጠቅልለው፣ ሥርዓት ባለው አኳኋን ተደርድረዋል። ላይኛው አልተጠቀለለም፤ የምድጃ አቧራ ነክቶታል።

«አትቆጡ» አሉ ሽማግሌው፣ ማንም ሳይቆጣቸው። «ሲጠራቀም አንዱን ወር ሳትገዙ ታልፉ ነበር። ላስገርማችሁ ብዬ ነው።»

«ለምን አባባ?» አለች ሚስቱ።

«እንግዲህ ሰማኋ። ቅዳሜ ቅዳሜ ስታነቢ። ሁለት ሺህ ምናምን ለአንድ ሽማግሌ! ጫማ ልግዛ ልተው ስትዪም ሰምቻለሁ።»

ሚስቱ ወደ ባሏ ዞረች። «ማንም አልመጣም፣ ምንም አልተገዛልኝም ብለውኛል» አለችው። «ዘጠኝ መቶው ምንድነው?»

ከደረት ኪሱ ካርዱን አውጥቶ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠው። ሚስቱ ካርዱን አየች፣ ቆርቆሮውን አየች፣ ቀስ ብላ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ ላይ የተተኮሰ ልብስ ነበር፤ በሕይወቷ በተተኮሰ ልብስ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ከላይ ፎቅ ወንበር ሲጎተት ይሰማል።

«አባባ» አለ መነጽር ሠሪው። «የርስዎ ኪኒን በወር ሁለት መቶ ሰማንያ ብር ነው። ሌላው የኔ ነው። የካርድ ነው። በርስዎ ስም እየጻፍኩ ነው።»

ሽማግሌው አላመኑትም። ሊያጽናናቸው የሚዋሽ መሰላቸው። ካርዱን አንስተው፣ ጠርዙን በጥንቃቄ ይዘው፣ አንዴ ወደ ዓይናቸው አቅርበው አንዴ አርቀው አዩት።

«ማነው ይሄ?»

«በረኛ ነው። ተጠባባቂ።»

«ይጫወታል?»

«ያን ዓመት አልተጫወተም።»

«ዘጠኝ መቶ» አሉ ሽማግሌው ለራሳቸው። ካርዱን ሳያጣጥፉ፣ ሳያቆሽሹ መለሱለት። እሱን ያንገበገበው ይሄ ነው። ቢቀዳድዱት ይሻለው ነበር።

ሚስቱ ተነስታ ውሃ አመጣች። አቧራ የነካውን ግማሽ ትታ ከተጠቀለሉት አንዱን ፈትታ ዘረጋችላቸው። መነጽር ሠሪው ፋርማሲስቷ ያለችውን ነገራቸው፤ አሁን የቀረውን ግማሽ ይውሰዱ፣ አዙሮዎታልና ወዲያው ክሊኒክ እንሄዳለን አላቸው። ሽማግሌው አፋቸውን ገጥመው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሦስቴ ለመናቸው። ሚስቱም ለመነቻቸው።

«እኔ ጆሮዬ የሰማውን አልክድም» አሉ። «ሁለት ሺህ ምናምን ተብሏል። አንብቡልኝና ልመን።»

ሚስቱ ስልኳን ከፍታ «አባባ» የሚለው ላይ አድርሳ ለባሏ ዘረጋችለት። ዓይኑን አላየችውም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠና በሹክሹክታ ጀመረ።

«ጮክ በል» አሉት አባቱ። «ያኔ በደንብ ነበር የሚሰማው።»

ጮክ አለ። «አባባ፣ ሦስት መቶ ሃምሳ።»

«ምንድነው?» አለች ሚስቱ፣ በዚያ በልብስ መቀበያ ድምፅዋ።

«አንድ እሽግ ካርድ።»

«ቀጥል።»

«አባባ፣ ስድስት መቶ። የመሐል ተከላካይ። አባባ፣ ሁለት መቶ ሰባ። ባዶ ላስቲክ ኪሶች ናቸው፣ ለአልበሙ። አባባ፣ ዘጠኝ መቶ። ይሄ በረኛው ነው።» ጣቱን ወደሚቀጥለው መስመር አወረደ። «አባባ፣ ሁለት መቶ ሰማንያ።»

«እሱስ?»

«ኪኒን።»

ሽማግሌው ፎጣውን ከግንባራቸው አወረዱ።

«እሱ ነው የኔ?»

«እሱ ነው የርስዎ።»

«ድገመው እስቲ።»

«ሁለት መቶ ሰማንያ ብር፣ አባባ።»

እጃቸውን ለምራታቸው ዘረጉ። ግማሿን ኪኒን ምላሳቸው ላይ አድርገው ውሃውን እስከ መጨረሻው ጠጡና ብርጭቆውን መለሱላት። ሚስቱ ጫማዋን አጥልቃ ነጠላቸውን አነሳች። መነጽር ሠሪው ስልኩን አስቀምጦ ሊደግፋቸው ተነሳ። ሽማግሌው ግን እጁን ይዘው መልሰው አስቀመጡት።

«ያለፈው ወር አለ አይደል?» አሉት። «እሷ እስክታለብሰኝ ቀጥል፣ እየሰማሁ ነው።»